የጋሽ ላቀው የጥምቀት ጥለት

በዋንዛ በር ገበያ አንድ ነጋዴ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከዓቅሙ በላይ ሲለፍፍ ከተሰማ፣ አጠገቡ ያለ ሰው አራት ቃል ጣል ያደርግበታል። ነጋዴው የአገሩ ልጅ ከሆነ ወዲያው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እንግዳ ከሆነ ግን «ምን ማለታችሁ ነው?» ማለቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ወሬ የማያልቅበት ሰው አይጠፋምና በርጩማ ተስቦለት ነገሩን ከሥሩ ይሰማል። እነዚያ አራት ቃላት የመጡት ከአንድ ሸማኔ ቤት ነው። ሸማኔው ሌባ ወይም አጭበርባሪ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ አያስገርምም ነበር። ሰው የሚወደው፣ እጁ የተመሰከረለት ሰው መሆኑ ነው ከተማውን ያስደነገጠው።

ጋሽ ላቀው ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እግራቸውን ከሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ከተው መወርወሪያቸውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያመላልሱ የኖሩ ናቸው። ነጠላ የሚሠራ ሸማኔ በዋንዛ በር ሞልቷል፤ የእሳቸውን ልዩ የሚያደርገው ጥለቱ ነበር። የጥለቱን ክር ራሳቸው ቀለም ይነክሩታል። ነክረው ያጥቡታል፣ በጥላ ያደርቁታል፣ እንደገና ያጥቡታል። ይህ ዘጠኝ ቀን ይፈጃል። በዘጠነኛው ቀን እርጥቡን ክር ነጭ ጨርቅ ላይ ያሹታል፤ ጨርቁ ላይ ጥፍር የምታህል ቀለም ከታየች ክሩ ተመልሶ ወደ ገንዳ ነው። የከተማው ሴቶች «የላቀው ጥለት ባለቤቷን ይቀብራል» ይሉ ነበር፤ ነጠላው አልቆ እንኳ ቀለሙ አይለቅም ለማለት ነው።

ይህን በመሰለ እጅ ላይ ግን አንድ በሽታ ነበር፤ ይሉኝታ። «አይሆንም» የምትለው ቃል ከጋሽ ላቀው አፍ አትወጣም። ሰው ደጃቸው ቆሞ «ለቅዳሜ ይደርስልኛል?» ካላቸው መልሳቸው «እሺ» ነው። ቅዳሜዋ ሦስተኛዋ ቅዳሜ ሆና ስትገኝ የቆየ ደንበኛ ይስቃል እንጂ አይቀየምም፤ የጋሽ ላቀውን እሺ ያውቃታላ። ጥጡን የሚፈትሉላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ እታለማሁ «የአንተ እሺ እኮ ሰላምታ እንጂ ቀጠሮ አይደለም» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

አንድ ዓመት፣ ጥምቀት አርባ ቀን ሲቀረው፣ ቀልዱ ጠፋ። ከቤታቸው ፊት ለፊት በማሽን የተሠራ ነጠላ የሚሸጥ ሱቅ ተከፈተ። ሱቁ መስታወት አለው፣ መብራት አለው፣ ሙዚቃ አለው። ሌላ ዓመት በዚያ ሰሞን ደጃቸው ሰው የሚርመሰመስበት ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን የመጣ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሳቸውም እማሆይ ትብለጥ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የሚኖሩ፣ ወገባቸው የጎበጠ አሮጊት።

«ላቀው፣ ይቺን አሥራ ስምንት ዓመት ለበስኳት» አሉ የለበሷትን ነጠላ እያሳዩ። ነጠላዋ ሳስታ ወንፊት መስላለች፤ አረንጓዴው ጥለት ግን እንዳለ ነው። «ለጥምቀት አንድ አዲስ ሥራልኝ። የዘንድሮን እንጂ የሚመጣውን እግዜር ነው የሚያውቀው።»

«እሺ እማሆይ፣ የመጀመሪያዋ የእርስዎ ናት» አሉ ጋሽ ላቀው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ ሰው ዝር አላለም። ጋሽ ላቀው ፊት ለፊታቸው ያለውን መስታወት እያዩ እህል አልወርድ አላቸው። ይሄኔ ነው ወይዘሮ እታለማሁ ስመኝን ጠርተው ያመጧት።

ስመኝ የፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ ተከራይታ በጽሑፍ የምትተዳደር ወጣት ናት። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ የሱቅ ሰሌዳ ትቀባለች፣ ለትናንሽ ነጋዴዎች ማስታወቂያ አዘጋጅታ በባጃጅ ላይ በተጫነ ሞንታርቦ እያነበበች ከተማውን ትዞራለች። ምክሯም የታወቀ ነበር። አንዱ ዳቦ ጋጋሪ «እጅግ ጣፋጭ ዳቦ» ብላ እንድትጽፍለት ቢጠይቃት «ጣፋጭ ያላለ ማን አለ? ትኩሱ የሚወጣበትን ሰዓት ንገረኝና እሱን እጽፍልሃለሁ» አለችው። «ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ትኩስ» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰዓት ደጁ ሰልፍ ነው።

ወደ ጋሽ ላቀው ቤት ስትመጣ ጣቶቿ በሰማያዊ ቀለም ተነክረው ነበር። «የሰፈሩ ወጣቶች ሰሌዳ አስቀብተውኝ ነው» አለች። «ዘንድሮ ለጥምቀት የመስኖ ፓምፕ ሊያመጡ ነው፤ ጠበሉ ኋላ ለቆመውም እንዲደርስ።» ጋሽ ላቀው ሳቁና ረሱት።

ስመኝ ከጉድጓዱ አፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ግማሽ ቀን ሙሉ ሥራቸውን አየች። ዘጠኙን ቀን ጠየቀች። ገንዳው በአንድ ጊዜ ስንት ነጠላ የሚበቃ ክር እንደሚነክር ጠየቀች፤ «አሥራ ሁለት» አሏት። ነጩን ጨርቅ ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ጋሼ፣ ይህን ደብቀው ነው እንዴ የኖሩት? ይኼ እኮ ነው ማስታወቂያው!»

እዚያው ቁጭ ብላ ጻፈችና አነበበችላቸው። «ጋሽ ላቀው ሸማኔው፣ ከአሮጌው ወፍጮ ቤት ጀርባ። ጥለቱን ውሃ ነክራችሁ ነጭ ጨርቅ ላይ እሹት፤ ቀለም ከለቀቀ ነጠላው በነጻ የእናንተ ነው። ለጥምቀት የሚደርሱት አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይለብሳል።»

ጋሽ ላቀው እስከ መጨረሻው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሲሰሙ ቆይተው አሥራ ሁለት ላይ ፊታቸው ጠቆረ።

«ብቻ? ምን ማለት ነው ብቻ? አሥራ ሦስተኛው ሰው ደጄ ሲመጣ ሂድ ልለው ነው?»

«አዎ ጋሼ። ሲመለስ ደግሞ ለፋሲካ ቀድሞ ይመጣል።»

«እኔ ላቀው እንግዳ ከደጄ አልመለስኩም፣ አልመልስም! ያንን አጥፊው። የመጣ ሁሉ ለጥምቀት አዲስ ለብሶ ይወጣል በይ።»

ስመኝ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ማስታወቂያ ቃል ነው። እዚህ ቤት ለአንድ ሰው የሚሉት እሺ እኮ አይደለም፤ በሞንታርቦ ለሺህ ሰው የተባለ እሺ ነው። ማን ይሽረዋል?»

«ልጄ፣ ሥራው የኔ ነው ያንቺ?»

ስመኝ ወይዘሮ እታለማሁን ቀና ብላ አየቻቸው፤ እሳቸው ከእንዝርታቸው ዓይናቸውን አላነሡም። ልጅቷም ኑሮዋ ሰው የሚላትን በመጻፍ ነውና የመጨረሻዋን መስመር ሰርዛ የመጣ ሁሉ ይለብሳል ብላ ጻፈች። ያን ዕለት ማታ ግን ያን ወረቀት ብቀደው ኖሮ እያለች ስትብሰለሰል አመሸች።

ባጃጁ ቅዳሜ ገበያ ላይ ዞረ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋሽ ላቀው በራቸውን ከፍተው ክው አሉ። ደጃቸው ሰው ነው። ግቢው ሰው ነው። ከወፍጮ ቤቱ እስከ መንገዱ ድረስ ሰው ነው። የአጎራባች ቀበሌ ሰው በጭነት መኪና መጥቷል። የሰንበት ትምህርት ቤቱ የመዘምራን አለቃ ይርጋ ደግሞ አንድ ወረቀት ይዞ ከፊት ቆሟል።

«ጋሽ ላቀው፣ ታቦቱን አጅበን የምንዘምር ሃያ አራት ነን። ሁላችንም አንድ ዓይነት ቀይ ጥለት። የመጣ ሁሉ ይለብሳል ብለዋል አይደል?»

ወይዘሮ እታለማሁ ከኋላ የባላቸውን ኮት ያዝ አድርገው «በለው፣ አይሆንም በለው» ብለው ሹክ አሉ። ጋሽ ላቀው ቀና ብለው አዩ። የይርጋ ፊት በደስታ በርቷል፤ ሰው ሁሉ አፋቸውን ያያል።

«እሺ» አሉ።

ያን ቀን እሺ ያሉት ለኀምሳ ሦስት ሰው ነው። ወይዘሮ እታለማሁ ጣታቸውን አጥፈው ሲቆጥሩ ሁለቱም እጅ አልበቃ ብሏቸው በመጨረሻ አፋቸውን ያዙ።

«አበድክ እንዴ? ኀምሳ ሦስት ሰው! ጥምቀት ሃያ አምስት ቀን ቀርቶት!»

«እግዜር ያውቃል» አሉ ጋሽ ላቀው፤ እግዜር ግን ሸማኔ አይደለም።

ያሠለጠኗቸውን ሦስት ሸማኔዎች ጠሩ፤ መጡላቸው። አራት ጉድጓድ ከንጋት እስከ ምሽት መወርወሪያ ሲያንኳኳ ሰነበተ። የመጀመሪያው ገንዳ ክር እንደ ደንቡ ዘጠኝ ቀኑን ጨርሶ አሥራ ሁለት ነጠላ ወጣው፤ እነዚያም ለቸኮለውና ከሩቅ ለመጣው ተሰጡ። እማሆይ ትብለጥ በትራቸውን ተደግፈው ሊጠይቁ ሲመጡ ጋሽ ላቀው ዓይናቸውን ሰበሩ።

«እማሆይ፣ እርስዎማ የቤት ሰው ነዎት፣ አይቀየሙኝም። ትንሽ ይታገሡኝ።»

እማሆይ በትራቸውን ጎተት ጎተት እያደረጉ ተመለሱ።

አርባ አንድ ነጠላ ቀረ። ጊዜው ደግሞ አሥራ አራት ቀን ነው። ክሩ ዘጠኝ ቀን ገንዳ ውስጥ ከቆየ፣ ያውም ገንዳው አራቴ ተራ የሚይዝበት ከሆነ፣ ጥምቀት አልፎ ፋሲካ ነው። ጋሽ ላቀው በሕይወታቸው አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ። ከጎረቤት ሦስት በርሜል ተዋሱና ክሩን ሁሉ በአንድ ቀን ነክረው፣ አንድ ጊዜ ለቅለቅ አድርገው፣ ፀሐይ ላይ አሰጡት። ነጩን ጨርቅ ግን ከተሰቀለበት ምስማር አላወረዱትም።

ያወረዱት ወይዘሮ እታለማሁ ናቸው። አንድ ክር በምራቃቸው አርሰው አሹበትና ጨርቁን ባላቸው ፊት ዘረጉት። ጨርቁ የታረደ ዶሮ የተጠረገበት መስሎ ነበር።

ጋሽ ላቀው ደንግጠው ወደ በርሜሎቹ አዩ። ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ። «ለጥምቀት የሚለብሱት ለአንድ ቀን ነው። ከበዓሉ በኋላ ሰብስቤ እንደ ገና እነክረዋለሁ። ማንም ሳያውቅ።»

«ሰውዬ፣ ጥምቀት እኮ ውሃ ነው!»

«አንድ ጠብታ፣ ሁለት ጠብታ። ካህኑ በእጁ የሚረጨው ስንት ይደርሳል?»

ወይዘሮ እታለማሁ ጨርቁን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ከተቱት። ከዚያ በኋላ ስለ ክሩ አልተናገሩም፤ ፊታቸው ግን እስከ በዓሉ ድረስ አልተፈታም።

ከተራ ሲሆን ከእማሆይ ትብለጥ በቀር የሁሉም ነጠላ ደረሰ። ታቦታቱ ወደ ወንዙ ሲወርዱ ሃያ አራቱ መዘምራን በነጭ ቀሚስ ላይ ቀይ ጥለት ደርበው ሲያሸበሽቡ ያየ ሁሉ «የማን ሥራ ነው?» አለ። «የላቀው!» ይላል ሌላው። ባለ መስታወቱ ሱቅ ሰው አጥቶ ዋለ። ጋሽ ላቀው በሰው መሐል ሲያልፉ ትከሻቸውን ቸብ የማያደርግ አልነበረም፤ ደስታቸውም እውነተኛ ደስታ ነበር፤ ለአንድ ምሽት ነጩን ጨርቅ ከነጭራሹ ረሱት። ስመኝን ሲያገኟት «አየሽ? አሥራ ሁለት ብቻ ብንል ኖሮስ?» አሏት። እሷም የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ማለት ነው ብላ አመነች።

በማግሥቱ ጥዋት ውሃው ተባረከ። ካህናቱ በመስቀል ባረኩ፣ ረጩ። ጠብታ ወደቀ፣ ሕዝቡ እልል አለ። ጋሽ ላቀው የመዘምራኑን ጥለት ከሩቅ እያዩ ትንፋሻቸውን ያዙ። ምንም የለም። እፎይ ብለው ገና አንድ እግራቸውን ሲያነሡ ከወንዙ ዳር የሞተር ድምፅ ተሰማ።

ፓምፑ ነበር።

ጋሽ ላቀው የስመኝ ጣቶች ሰማያዊ ቀለም ያኔ ትዝ አላቸው። «አይ! አይ!» ብለው ጮኹ፤ ማን ይስማቸው። ወጣቶቹ ጎማውን ወደ ሰማይ ቀሰሩት፤ ውሃው እንደ ዝናብ ከፊት በቆሙት መዘምራን ላይ ወረደ። ሕዝቡ እጁን ዘርግቶ ይቀበላል፣ ይገፋፋል፣ ይስቃል። ከዚያ አንዲት ሴት ጩኸቷን አቀለጠችው።

«ደም! ኧረ ደም ነው! ልጆቹ ደሙ!»

ከበሮው ቆመ። እልልታው ተቋረጠ። ከሃያ አራቱ መዘምራን ትከሻ ቀይ ቀለም በደረታቸው፣ በክንዳቸው፣ በነጩ ቀሚሳቸው ላይ እየወረደ እግራቸው ሥር ያለውን ሣር አቀላ። እናቶች ልጆቻቸውን ለመንጠቅ ተሯሯጡ። አንዱ ቄስ መስቀሉን እንደ ያዘ ድርቅ ብሎ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ነው ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው የራሱን ነጠላ አይቶ፣ ጣቱን ልሶ፣ «ቀለም ነው! ጥለቱ ነው የለቀቀው!» ያለው።

ይህንን መስማት ደሙን ከመስማት የባሰ ነበር። የላቀው ጥለት ለቀቀ? ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከመጀመሪያው ገንዳ ከተሠሩት አሥራ ሁለቱ በቀር አዲስ ነጠላ የለበሰ ሁሉ ቀይና አረንጓዴ ተዥጎርጉሮ ቆሟል። አንድ ሽማግሌ «ይኼንንም አየን» ብለው አንገታቸውን ደፉ።

የመዘምራኑ አለቃ ይርጋ የሚንጠባጠበውን ነጠላ ከትከሻው ገፍፎ ሕዝቡን በዓይኑ አሰሰ፤ ስመኝን አገኛት። ክንዷን ይዞ ወደ መሐል አወጣት።

«አንቺ ነሽ የጠራሽን! ውሃ ነክራችሁ እሹት ያልሽው በዚህ አፍሽ አይደለም? ይኸው ነከርነው! በታቦት ፊት አዋረድሽን!»

«ውሸታም!» አለ አንዱ ከኋላ። «ሌላ ማስታወቂያሽንም ማን ያምናል?» አለ ሌላው። ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። በስመኝ ቦርሳ ውስጥ የተሰረዘችው መስመር ያለችበት ወረቀት አለች። ብታወጣት ትድናለች። እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደችና ጋሽ ላቀውን ስታይ መለሰችው።

ጋሽ ላቀው አዩአት። ዝም ቢሉ ነገሩ በእሷ ላይ ይቀራል፤ ክሩን የሸጠልኝ ነው ያታለለኝ ቢሉም ሰው ያምናቸዋል፤ ሠላሳ ዓመት ያልዋሹ ሰው ናቸውና። በዚያች ቅጽበት ዕድሜ ልካቸውን የሸሿት ቃል ከፊታቸው ተደቀነች። ሰውን እየገፉ መሐል ገቡና የይርጋን እጅ ከልጅቷ ክንድ አላቀቁ።

«አይሆንም» አሉ።

ወይዘሮ እታለማሁ ያችን ቃል ከባላቸው አፍ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር፤ እንባቸው መጣ።

«አይሆንም። ልጅቷን ተዋት። አሥራ ሁለት ብቻ ነው የሚደርሰው ብላ ጽፋ ነበር። አጥፊው ያልኳት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ቀን የሚነከረውን ክር በአንድ ቀን የነከርኩት እኔ ነኝ። እንደሚለቅም አውቄ ነው የሰጠኋችሁ።»

ውሃው ዳር ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑን ከእሳቸው አሸሸ። ቢሰድቧቸው ይሻላቸው ነበር። ጋሽ ላቀው አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ፤ ፊታቸው ላይ የሚወርደው የፓምፑ ውሃ ይሁን እንባ አልለየም።

ያን ጊዜ እማሆይ ትብለጥ በትራቸውን እየተመረኮዙ ከሕዝቡ መሐል ወጡ። አዲስ ነጠላ ያልደረሳቸው እሳቸው፣ የለበሱት አሥራ ስምንት ዓመት ያገለገለችውን ወንፊት ነጠላ ነው፤ እሷም ከጫፍ እስከ ጫፍ ረጥባለች። አረንጓዴውን ጥለት በሁለት እጃቸው ይዘው ጋሽ ላቀው ፊት ጨመቁት። ከጣቶቻቸው መሐል የወረደው ውሃ ከወንዙ ውሃ ይልቅ የጠራ ነበር። ሰው ሁሉ ያንን ውሃ አየ።

«ይቺን የሠራህልኝ አንተ ነህ ላቀው» አሉ በቀስታ። «እጅህ ያው ነው፣ ምንም አልሆነም። ያልታደለ እጅ! አፍ ሺህ ሰው ሲጠራበት ምን ያድርግ?» ከዚያ ወደ ሕዝቡ፣ በመሐሉ ወዳሉት ነጋዴዎችና ወደ ስመኝ ዞር ብለው፣ የረጠበችውን ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው እንዲህ አሉ፦ «አፍ ይጠራል፣ እጅ ያፍራል።»